ሩብ ሰዓት አለብን

ሰው ቤት ተጠግቶ መማርን ሐበሻ ከፈረንጅ አልተማረም። የቆሎ ተማሪ አገር ላገር እየዞረ ዳዊት የሚደግመው፣ ቅኔ የሚቆጥረው በሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። አስኳላ ከመጣ ወዲህም ቢሆን ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባ ተማሪ አንድ አክስት፣ አክስት ባይኖረው የአክስት ጎረቤት፣ እሷም ባትኖር አባቱ በአንድ ዘመን በሬ ያዋሰው ሰው አያጣም። የዚህ ኑሮ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለህ፤ እንግዳ ካመሸ አንተም እንቅልፍህን እያባረርክ ታመሻለህ። ሱቅ ትላካለህ፣ ሽንኩርት ትልጣለህ፣ የቤቱን ልጆች ታስጠናለህ። ስንት ሰዓት እንደሠራህ የሚጽፍ የለም፤ ስንት እንጀራ እንዳነሣህም የሚቆጥር የለም። ሂሳቡ የሚወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ተመርቀህ፣ ሥራ ይዘህ፣ ሱፍ ለብሰህ አንድ ሠርግ ላይ ቆመህ ሳለ አክስትህ ለማያውቁህ ሰዎች ይጠቁሙህና «ይሄ እኮ እኔ ቤት ነው ያደገው!» ይላሉ። ሶፋው፣ ሽሮው፣ የደብተር መግዣው፣ ሁሉም እዚያች ንግግር ውስጥ አሉ። መልስ የለህም። ጎንበስ ብለህ ጉልበት ትስማለህ፤ ዕዳው ግን ሰባራ ሳንቲም አይቀንስም።

እኔም በዚህ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። ስለዚህ ደቡብ ጀርመን ውስጥ፣ ቱቢንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ክፍል ባገኘሁ ጊዜ ቋንቋው ያስቸግረኝ ይሆናል እንጂ ሰው ቤት መኖሩ ያስቸግረኛል አላልኩም።

በጀርመን ከተሞች የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው አዛውንት ባዶ የቀረውን ክፍል ለተማሪ ይሰጣሉ፤ ተማሪው በኪራይ ፋንታ ቤት ውስጥ ያግዛል። ልኩም የታወቀ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር በወር አንድ ሰዓት። የውሃና የመብራቱ ለብቻው ይከፈላል። የእኔ ክፍል 14 ካሬ ናት። በወር 14 ሰዓት የእነሱ ነኝ፣ የቀረው የራሴ ነው ማለት ነው። ቁም ሣጥኑ የቆመበት ቦታ ይቆጠር አይቆጠር የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ ባልየው ናቸው፣ ለእኔ አዝነው።

ባለቤቶቹን እዚህ ላይ ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት እንዲህ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። የመጣሁ ዕለት እጄን ጨብጠው በስማችን ጥራን፣ «አንተ» እና «አንቺ» በለን ብለው ፈቀዱልኝ። እዚያ አገር ይህን የሚፈቅደው ታላቅ ነው፤ ሲፈቀድልህ እንደ ክብር ይታያል። እኔ ግን ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ሰው በባዶ ስማቸው መጥራት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ስፈልጋቸው አጠገባቸው ሄጄ ዞረው እስኪያዩኝ እቆማለሁ። እስካሁን አልከሸፈም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር የተንጠለጠለ፣ እርሳስ በሲባጎ የታሰረበት አንድ ካሬ ካሬ ደብተር አላቸው። በማስመሪያ ተሰምሮ በአምድ ተከፍሏል፤ ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ድምር። ሐሙስ፣ ድንች ከምድር ቤት ማውጣት፣ 20 ደቂቃ። ዓርብ፣ የእትዬን ስልክ ማስተካከል፣ 35 ደቂቃ። ቅዳሜ፣ ደረጃ መጥረግ፣ 40 ደቂቃ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ደብተር ደሜን ያፈላው ነበር። ሰው እንዴት ድንች ይዞ ደረጃ የወጣበትን ደቂቃ ይጽፋል? አሮጊት ሴት ስልክ አልሠራ ብሏት «እስቲ እየው» ስትል ሰዓት ይታያል? እያልኩ በሆዴ እብሰከሰካለሁ። ሳይጠይቁኝ ዕቃ አጥቤ አስቀምጣለሁ፤ ጧት ስነሣ «ዕቃ ማጠብ፣ 25 ደቂቃ (ግምት)» ተጽፎ አገኛለሁ። ግምት የምትለዋ በቅንፍ ናት።

ከዚያ የወሩ መጨረሻ መጣ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቆመዋል። ፊታቸው የቀብር ነው። «ደምረነው ነበር» አሉኝ፤ «14 ሰዓት ከሩብ መጥቷል። ሩብ ሰዓት አለብን።» ኧረ ይተዉት፣ ምን አላት አልኩ። አይቻልም፣ ወይ ለሚቀጥለው ወር ይዞራል፣ ወይ በገንዘብ ይታሰባል አሉ። ሰው ለሩብ ሰዓት ዕዳ እንቅልፍ ሲያጣ ያየሁት ያኔ ነው። ይዙር ተባባልንና ሁለታችንም ፈረምን።

እዚህ ደብተር ላይ የማይጻፍም ነገር አለ። እሑድ እሑድ ጋሼ ኔካር ወንዝ ዳር እየተንሸራሸሩ ስለ ድልድይ ያስረዱኛል። ድልድይ የሥራ ዘመናቸው ፍቅር ነው፤ አንዱን ምሰሶ ካነሡ መሽቶ ነው የምንመለሰው። ከእትዬ ጋር ፎቶ እያየሁ የቤተሰቡን ሙትና ሕያው ስተዋወቅ (አሁን ከልጆቻቸው የበለጠ አውቃቸዋለሁ) ግማሽ ቀን ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ይሄስ አይጻፍም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሼ እርሳሱን አስቀምጠው «እሱ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቅር ብሏቸው ነበር።

የመጥረጉን ነገር ካነሣሁ አይቀር ታሪኩን ልጨርሰው። የዚህ አካባቢ ሰዎች ሽቫባውያን ይባላሉ፤ በእነሱ አገር ደረጃና ደጅ በየሳምንቱ በተራ ይጠረጋል፤ ኬርቮኸ ይሉታል። ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ተረኛው ሳምንቱን ጨርሶ የቀጣዩ ጎረቤት በር ላይ ያንጠለጥላታል። ምንም አይናገርም፤ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሰሌዳዋ በርህ ላይ ከታየች መጥረጊያ ታነሣለህ፤ ክረምት ከሆነም በረዶውን ከእግረኛ መንገዱ ላይ በጧት ትዝቃለህ። ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ ባጠያይቅ ሥሩ ሩቅ ሆኖ አገኘሁት። የቩርተምበርጉ ገዥ ኤበርሃርት በ1492 እ.ኤ.አ.፣ እኛ አገር ዐፄ እስክንድር ነግሠው ሳለ ማለት ነው፣ ሽቱትጋርት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ጥራጊውን በየሳምንቱ እንዲያወጣ ደነገጉ። እኚሁ ባለ ረጅም ጢም ገዥ ከዚያ አስቀድሞ በ1477 የቱቢንገንን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ናቸው። ያስገቡኝም ያስጠረጉኝም አንድ ሰው ናቸው። ከሞቱ አምስት መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸውና አቤት የሚባልበት የለም።

ወደ ምግቡ ልግባ። እዚህ አገር ምግብ የሚጠየቀው አንዴ ነው። «ትጨምራለህ?» ይሉሃል። እኛ ያደግነው የመጀመሪያው «አይ» ለጨዋነት፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ ሦስተኛው ደግሞ «በሞቴ!» እስኪባል ጊዜ መግዣ ሆኖ ነው። እነሱ ግን «አይ» ስትል አይ ማለትህ ይመስላቸዋል፤ ሳህኑ ይነሣል። ጀርመን የሚማር ሐበሻ ሁሉ የመጀመሪያ ወሩን የሚከሳው በዚህ ነው። እኔ ነገሩን ለእትዬ በግልጽ አስረዳኋቸው፤ በእኛ ዘንድ እንግዳ ሦስት ጊዜ ይለመናል አልኳቸው። እትዬ የቀድሞ የሒሳብ መምህርት ስለሆኑ ደንብ ይወዳሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወጥ ጭልፋውን ይዘው ትንፋሽ ሳይወስዱ «ትጨምራለህ? ትጨምራለህ? ትጨምራለህ?» ብለው መልሴን ይጠብቃሉ። ሦስቱ ሞልቷልና አራተኛ የለም። ሐበሻ ጓደኞቼ ሲመጡም እንዲሁ ያደርጓቸዋል፤ አንዱ ጓደኛዬ ደንግጦ ያልበላውን ሁሉ በላሁ ብሎ ወጥቷል።

እራት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። የበሰለ የሚበላው ምሳ ላይ ነው፤ ማታ ምድጃ አይነካም። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ትንሽ የእንጨት መክተፊያና ቢላዋ ይቀርባል፤ መሐል ላይ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ፣ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር። ይኸው ነው። እናቴ በኢሞ ደውላ ይህን ማዕድ ያየች ቀን ድምፅዋ ተለወጠ። «ምነው፣ ጋዝ አለቀባቸው?» አለችኝ። አላለቀም እማዬ፣ እንዲህ ነው የሚበሉት። «ማታ ማታ እሳት አይነድም?» አይነድም። ዝም አለች። «ልጅ የላቸውም?» አላቸው፣ ሦስት። «ታዲያ የሚያበስልላቸው ጠፍቶ ነው?» ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ጀርመንን የምታስበው እንደ ችግረኛ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ስማቸውን እየጠራች ትለምንላቸዋለች። የመኪናውን፣ የባቡሩን፣ የፋብሪካውን ዝና ብነግራት አትሰማኝም። እራት በቀዝቃዛ የሚበላ ሰው ለእሷ ደሃ ነው፤ በቃ።

ይህ ግን ከመስኮቱ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። እትዬ ጧት ሲነሡ የመጀመሪያ ሥራቸው፣ ጃንዋሪም ይሁን ፌብሩዋሪ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ይሁን፣ የቤቱን መስኮት ሁሉ ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ገርበብ አይደለም፤ ወለል። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ የሆኑት አብረው ይከፈታሉ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። ምክንያት አለው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ይታጠባል፣ ያበስላል፤ ያ እርጥበት ጥብቅ በሆነው ዘመናዊ መስኮት መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ሻጋታ ያወጣል። የቤት ኪራይ ውል ላይ ሳይቀር ይጻፋል። ጋሼ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ሳሎን አስቀምጠዋል፤ 60 በመቶ ካለፈ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ይከፍታሉ። እኔ ሽሮ ስጥድ መጥተው መሣሪያው አጠገብ ይቆማሉ። ሽሮው ቱክ ቱክ ሲል ቁጥሩ 57፣ 58 ይላል፤ ጋሼ እጃቸውን መስኮቱ መክፈቻ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እንደዚያ ተፋጠን ስንቆም የሚያየን ቦምብ የምናመክን ይመስለዋል።

አስቡት እንግዲህ፤ እኔ በእናቴ ቤት በርና መስኮት አንድ ላይ ተከፍቶ አላየሁም። አዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተና መስኮት ያስዘጋ ተሰዳድበው ከታክሲ የወረዱበትን አገር ነው ትቼ የመጣሁት። «ነፋስ መታኝ» የሚለው በሽታ ሐኪም ቤት ባይመዘግበውም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ወገብ ይይዛል፣ አንገት ያጣምማል፣ አንዳንዱንም አፉን ወደ ጎን ይወስዳል ይባላል። አንድ ቀን እናቴ ስትደውል ሰዓቱ የመስኮት ሰዓት ሆነ። እትዬ በሌሊት ልብሳቸው መስኮቱ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘርግተው አየር ይስባሉ። እናቴ ስልኩ ውስጥ ሆና ጮኸች። «ዝጋ! ዝጋላት ልጄ! ሴትዮዋን ልትገድላት ነው?» እትዬ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ሰላምታ ታቀርባለች አልኳቸው። እጃቸውን አውለበለቡላት፤ መስኮቱ እንደተከፈተ።

ጾሙን ሳልነግራችሁ ላልፍ አልችልም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማልበላ ስናገር እትዬ ፊታቸው በራ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ለእያንዳንዱ የቤት ሰው አምድ ያለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አለ፤ የእኔ አምድ ላይ ረቡዕና ዓርብን በአረንጓዴ እርሳስ ከበቡ። ሌላስ አለ ወይ አሉ። ሁዳዴ አለ፣ 55 ቀን ነው አልኩ። ከበቡ። ፍልሰታ፤ ከበቡ። የሐዋርያት፤ የነቢያት፤ የነነዌ፤ ገሃድ። እርሳሱ ተቀረጸ። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩትና «የምትበላባቸውን ቀኖች ብከብ አይቀልም ነበር?» አሉኝ። መምህርት ናቸው አላልኳችሁም? አዲስ ወረቀት አምጥተው ገልብጠው ሠሩት።

ችግሩ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ረቡዕ ቀን እንቁላል ጠብሼ ስቀመጥ እትዬ ብቅ አሉና ቀን መቁጠሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ መጥበሻውን አዩ። ከትንሣኤ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም ይበላል ብዬ አስረዳሁ። ይህን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም አሉ፤ አላመኑኝም። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሌላ ሐበሻ በስልክ አገናኝቼ ነው የተፈታሁት። የነፍስ አባቴ እንኳ እንደዚያ መርምረውኝ አያውቁም።

የአገራቸውን የታወቀ ምግብ ማውልታሸን ያቀረቡልኝም በሁዳዴ ነበር። ሥጋና ስፒናች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ እዚያው አገር ማውልብሮን በሚባል ገዳም የነበሩ መነኮሳት በዐቢይ ጾም ሥጋ ያገኙና እግዜር እንዳያይባቸው ከስፒናች ጋር ከትፈው በሊጥ ሸፈኑት። እስከ ዛሬም እግዜርን ማታለያ እያሉ ያቆላምጡታል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኛ ዘንድ እንዲህ ቢደረግ መነኩሴውም ሊጡም አብረው ይወገዛሉ አልኳቸው። እትዬ ግን ሳቁ ውስጥ አልነበሩበትም፤ መነጽራቸውን አድርገው የእሽጉን ጀርባ ያነብባሉ። «ሊጡም እንቁላል አለው» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እንቁላል የሌለው ሊጥ፣ ሥጋ የሌለው ስፒናች ሠርተው አቀረቡልኝ። ጣዕሙ የተቀቀለ ፖስታ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጨምራለሁ አልኩ።

ገናቸው በዲሴምበር 24 ማታ ነው። እኔ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ። የዓመቱ ትልቁ በዓል ነውና በግ ይታረዳል፣ ዝይ ይጠበሳል ብዬ ተሳቅቄ ነበር፤ የቀረበው ድንች ሰላጣና ቋሊማ ሆነ። ብዙ የጀርመን ቤት እንዲሁ ነው አሉኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሐዘኗን ማብዛት ነው። የሽቫባውያን ድንች ሰላጣ ግን በሥጋ መረቅ ነው የሚለወሰው፤ እትዬ ለእኔ በአትክልት መረቅ ለይተው ሠርተው በጥርስ መፋቂያ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ባንዲራ ተክለውበታል። የገና ዛፋቸው የሚነሣው ጃንዋሪ 6 ነው፤ የእኛ ገና ደግሞ በማግስቱ ነው። ጋሼ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚመጣውን የቆሻሻ ቀን መቁጠሪያ አውጥተው የዛፍ መሰብሰቢያውን ቀን አረጋገጡና ለዛፉ የአንድ ቀን ዕድሜ ጨመሩለት።

ስለዚያ ቀን መቁጠሪያ ብጀምር ሌላ ወግ ነው። ባሕረ ሐሳብ ከዚያ ይቀላል። ወረቀቱ፣ የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ፣ ላስቲኩና ቆርቆሮው፣ የቀረው ቆሻሻ፣ ሁሉም የየራሱ ዕቃና የየራሱ ቀን አለው። ጠርሙስ ነጩ፣ ቡናማውና አረንጓዴው ለየብቻ ይጣላል፤ ሰማያዊ ጠርሙስ ያጋጠመው ሰው ከአረንጓዴው ጋር ይጥላል። እሑድ ግን አይጣልም፤ ድምፁ ሰው ይረብሻል። የፕላስቲክ ጠርሙስ መልሰህ 25 ሳንቲም ትቀበላለህ። ቱቢንገን ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቅመው በሚጥሉት የቡና ስኒ ላይ 50 ሳንቲም ግብር ጥላለች፤ ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደርሶ ከተማዋ ረታች፤ ፍርዱ ይፋ የሆነው በ2025 ነው። ጋሼ ክሱን እንደ ኳስ ጨዋታ ነው የተከታተሉት። ፍርዱ የተሰማ ቀን ስኒያቸውን በቦርሳቸው ይዘው ወጥተው ቡና ጋበዙኝ፤ የእኔንም ስኒ እሳቸው ናቸው የያዙልኝ።

ቡናን በሚመለከት የተጣላነው ከሕግ ጋር ነው። ቱቢንገን ባለችበት ክፍለ አገር ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ ጭስ ሲሸት የሚጮህ መሣሪያ በጣሪያው ላይ መኖር አለበት። እዚህ መሣሪያ ሥር ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ እሳት አደጋ መጥራት ነው። ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላል፤ ክረምት ሲሆን ካፖርት ለብሼ፣ ኮፍያ ደፍቼ። እነሱም እሑድ ከሰዓት ኬክና ቡና የመቀመጥ ልማድ ስላላቸው ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይጣሉ ገጠሙ። ጋሼን የሚከነክናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስተኛው ከቀጠነ ለምን አንዱን አወፍረን ጨርሰን አንነሣም ይላሉ። በረከቱ በሦስተኛው ነው ብላቸው ደብተር ላይ የማይገባ ነገር መሆኑን ተረድተው ዝም አሉ።

እንግዲህ ጀርመን ቤት በእንግድነት የተቀመጠ ሐበሻ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ ሰው፣ መነኩሴ፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ከተማ የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ነበሩ። ያስመጣቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ አስቀድሞ ሮም ላይ ተዋውቀዋል። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተመው በብዛት ከእሳቸው አፍ በለቀመው ነው። በክፍል ፋንታ ዕውቀት፤ ከእኔ ደረጃ መጥረግ ጋር ሲነጻጸር መስፍኑ አትርፈዋል። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ተሰብሮባቸው ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ ሥዕላቸውን ሳይቀር በመጽሐፉ አትሟል። የሠሩበትን ሰዓት ግን የደመረ የለም። ማታ ማታ ምን ያበሏቸው እንደነበር ማወቅ እንዴት እፈልግ ነበር!

እናቴ ስለ ደብተሩ የሰማችው ዘግይታ ነው። ተቆጣች። «ደቂቃ መቁጠር? ነውር አያውቁም?» አለችና መልሱን በዕቃ ላከችው፤ በመንገደኛ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ለእትዬ ደግሞ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ። ጋሼ ነጠላውን በብርሃን አዩት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ዋጋውን ጠየቁኝ። ዋጋ አይጠየቅም አልኳቸው። በሰዓት ስንት ይሆናል አሉ። በሰዓትም አይሆንም አልኳቸው። ሌሊቱን የወጥ ቤት መብራት አልጠፋም። በሳምንቱ እትዬ ከጓሮ እንጆሪ የሠሩት ማርማላታ፣ ስድስት ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ ላይ ቀኑና ክብደቱ የተጻፈበት፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ተሰጠ። እናቴ ብልቃጥ ባዶውን አይመለስም ብላ በዕጥፍ ላከች። እነሱም በዕጥፍ መለሱ። አሁን ሁለቱ ቤቶች የማይከፈል ዕዳ ውስጥ ገብተዋል። ጋሼ ለዚህ አዲስ ገጽ ከፍተው፣ አምድ አስምረው፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉበት ትተውታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍርዴ ከጋሼ ጋር ነው። ሰው ቤት በደብተር መኖር መጀመሪያ ያስከፋል እንጂ እንቅልፍ ይሰጣል። የወሩ 14 ሰዓት ካለቀ ክፍሌን ዘግቼ ስተኛ የማንም ዓይን አይከብደኝም፤ አክስቴ ሶፋ ላይ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። አክስቴን ግን የበለጠ እወዳቸዋለሁ፤ ይህንንም ጋሼ እንዲያውቁት አልፈልግም።

ልጅ ወደ አውሮፓ የላካችሁ እናቶች፣ አንድ ነገር አደራ። ቅቤና ቋንጣ በመንገደኛ አትላኩ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በሻንጣ ማስገባት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተከለከለ ነውና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወረሳል። በርበሬውን ደግሞ ሁለት ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ እሠሩት። የመንገደኛው ሸሚዝ ነጭ ሊሆን ይችላል።